ገናን በሁለት ቤተሰብ መሀል ለምታከብሩ፡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባህር ዳር ላይ አግብቶ ጎጆ የወጣ ሰው ገና ሲቃረብ መጀመሪያ ሚያስጨንቀው የዶሮ ዋጋ አይደለም፣ "ዘንድሮ እነማን ጋ ነው ምንውለው" የሚለው ነው። የባልየው ቤተሰብ አባይ ማዶ፣ የሚስትየዋ ዘጌ ወይ ሀሙሲት ወይ ደብረ ታቦር ወይ ጎንደር፣ ሁለቱም ጋ ዶሮ ይታረዳል፣ ሁለቱም ጋ ጠላ ተጠምቋል፣ ሁለቱም ጋ ደግሞ ልጆቼ ይመጣሉ ብላ የምትጠብቅ እናት አለች። በዚ ምክንያት በበዓል ማግስት ተኮራርፈው የሚሰነብቱ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው፣ ያሳዝነኛል ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚጣላው ስለሚዋደድ ነው፣ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ስለዚ ሰው በየዓመቱ የሚደጋግማቸውን ስህተቶች እስቲ አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ፡ በአንድ ቀን ሁለቱም ጋ ለመብላት መሞከር

ሌሎቹ ስህተቶች በብዛት ከዚ ነው የሚወለዱት። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ማንም እንዳይከፋው ነው። ግን ቀኑ እንዴት እንደሚሄድ እዩት። ሌሊቱን ቅዳሴ ቆማችሁ አድራችኋል፣ ከቅዳሴ መልስ ጾም ተፈቷል፣ ትንሽ ጋደም ብላችሁ ተነስታችሁ አንደኛው ቤት ትሄዳላችሁ፣ ገና ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ሰዓት ማየት ትጀምራላችሁ፣ "መንገድ አለብን እማዬ" ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ እሷም "ምነው እሳት ልትጭሩ ነው እንዴ የመጣችሁት" ትላለች። ከዛ ሁለተኛው ቤት ስትደርሱ ሆዳችሁ ሞልቷል። እዛ ያለችው እናት ደግሞ ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ስታቁላላ ነው የዋለችው፣ ለአማቿ ፈረሰኛውን ለይታ አስቀምጣለች፣ እናንተ አንድ ሁለት ጉርሻ ቀምሳችሁ "በቃን" ስትሉ ፊቷ ላይ የሚታየውን ነገር ያየ ሰው ያውቀዋል። ሁለቱንም ቤት ላስደስት ብሎ የወጣ ሰው ሁለቱንም ቤት ግማሽ ግማሽ አስከፍቶ ነው ማታ ሚመለሰው።

ሁለቱም ቤተሰብ ከተማው ውስጥ ከሆነ ይቻላል፣ ሽምብጥና አባይ ማዶ በባጃጅ ደርሶ መልስ ነው፣ 2016 ላይ የተመረቀው 380 ሜትሩ የአባይ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ወዲያ ማዶ መሻገር ቀላል ሆኗል። ግን እዛም ቢሆን አንዱ ቤት የጾም መፍቻውና የምሳው፣ ሌላው ቤት የማታው ቡናና እራት ይሁን፣ ሁለተኛው ቤት ደግሞ "ማታ ነው ምንመጣው" ተብሎ ቀድሞ ይነገረው፣ ምሳ ጠብቀው ወጡ እንዳይቀዘቅዝባቸው።

አንዱ ቤት ከከተማ ውጪ ከሆነ ግን በቃ መምረጥ ነው። እና ይሄን ስል ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን የኛ አቆጣጠር እኮ ራሱ መፍትሄውን ሰጥቶናል፣ ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው። ታኅሣሥ 29 አንዱ ጋ፣ ጥር 11 ሌላው ጋ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይገለበጣል። ሁለቱም ትልቅ በዓል ነው፣ ሁለቱም ጋ ዶሮ አለ፣ ማንም "ትራፊ ደረሰኝ" አይልም። በተለይ ከሁለቱ አንዱ ቤተሰብ ጎንደር ያለ ከሆነ ጥምቀትን እዛ ማድረግ ምን ያጠያይቃል፣ ታቦቱ ፋሲለደስ ሲወርድ ሌላ ከተማ ላይ ሆኖ በስልክ ከማየት እዛው ከቤተሰብ ጋር መውረድ ነው። በዓሉን ዩኔስኮ 2012 ላይ ከመዘገበው ወዲህም እንግዳው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ዋዜማው ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ ግቡ።

ሁለተኛው፡ ቀን ሳያዩ ቀጠሮ መያዝ

ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ገና ሁሌ ታኅሣሥ 29 አይደለም፣ በዘመነ ዮሐንስ 28 ነው ሚውለው፣ 2016 ላይ እንደዛ ነበር፣ 2020 ላይም እንደዛው ነው። ከመስሪያ ቤት ፈቃድ ምትጠይቁ፣ ትኬት ቀድማችሁ ምትቆርጡ ሰዎች ይሄን ካላያችሁ በዓሉ ቀን መንገድ ላይ ነው ምትውሉት።

ከዚ የባሰው ደግሞ የሳምንቱ ቀን ነው። ገና ራሱ ረቡዕ ወይ አርብ ቢውል ጾሙ ይፈታል፣ 2018 ላይ ረቡዕ ውሎ በልተናል። ማግስቱ ግን እንደዛ አይደለም። 2019 ላይ ገና ሐሙስ ነው ሚውለው፣ ማግስቱ አርብ ነው፣ አርብ ደግሞ ጾም ነው። እንግዲህ "ገናን እነሱ ጋ ውለን በማግስቱ እናንተ ጋ እንመጣለን" ብላችሁ ቃል ከገባችሁ፣ ሁለተኛው ቤት ምትበሉት ሽሮና ምስር ነው ማለት ነው፣ ዶሮው ድስት ውስጥ ሆኖ ትተያያላችሁ። ቅዳሜ ብትሉስ? አንድ ቀን መግፋት ብቻ ነው፣ ሁሉም ይበላል። ይቺን አንድ ነገር ቀን መቁጠሪያ ላይ ማየት ስንት ቅያሜ እንደምታስቀር።

ከበዓሉ ቀድሞ ለመጠየቅ ለምትሄዱም ሌላ ነገር አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው፣ እኛ ጋ ባህር ዳር አሳ በጾም የሚበላበት ቤት አለ፣ በጭራሽ የማይነካበትም ቤት አለ። አማቶቻችሁ የማይበሉ ከሆነ ከሀይቁ ትኩስ ቀረሶ አንጠልጥሎ መግባት ስጦታ ሳይሆን ጭንቀት ነው ሚሆንባቸው፣ እንግዳ ያመጣውን አይመልሱ ነገር፣ ድስታቸው ውስጥ አይከቱት ነገር። አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው፡ እያንዳንዱ ለየእናቱ ቃል መግባት

እሱ ለእናቱ "እንመጣለን" ይላል፣ እሷም ለእናቷ "እንመጣለን" ትላለች፣ ታኅሣሥ 27 ማታ ላይ ነው የሚተዋወቁት። ከኅዳር ጀምሮ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ጨርሱት። ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ለየራሳችሁ ቤት የራሳችሁ አንደበት ይናገር። ምራት ለባሏ እናት "ዘንድሮ አንመጣም" ብላ ከደወለች እሷ ነች የከለከለችው የሚባለው፣ ቢምሉም አይታመኑም። ልጅየው ራሱ ደውሎ "እማዬ ዘንድሮ ገናን እነሱ ጋ ነን፣ ጥምቀትን ካንቺ ጋ ነው ምናከብረው፣ ከዋዜማው ቀደም ብለን እንገባለን" ይበል። ከዛ ምራት ስልኩን ተቀብላ "እማማ አይቀየሙን፣ ለጥምቀት ድፎ ዳቦውን እኔ ነኝ ምደፋው" ብትል ነገሩ እዛው ያልቃል። ምክንያት መፍጠር ግን አያስፈልግም፣ ሥራ አለን፣ ልጁ አሞታል ምናምን ማለት፣ ፌስቡክ ላይ ሌላው ቤት የተነሳችሁት ፎቶ በሰዓቱ ይደርሳቸዋል።

በበዓሉ ጠዋት ደግሞ ላልሄዳችሁበት ቤት መደወል እንዳይረሳ። ከቅዳሴ መልስ፣ ሳትበሉ በፊት። ከሰዓት ላይ ጠግባችሁ ምትደውሉት ስልክ ያንኑ ያህል አያስደስትም።

መንገዱ

መንገድ ላይ ስህተቱ አንድ ነው፣ ዋዜማውን ከሰዓት መነሳት። መናኸሪያው ይጨናነቃል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ዶሮና በግ የያዘው ሁሉ አንድ ላይ ነው ሚወጣው፣ ጎንደር ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ታቦር 100 ገደማ፣ በሰላሙ ጊዜ ምንም የማይባል መንገድ ነበር። አሁን ካለንበት ሁኔታ አንጻር ግን ጠዋት ሳትነሱ መንገዱ ክፍት መሆኑን እዛው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ በጊዜ ተነሱ፣ ጸሐይ ሳትጠልቅ ግቡ፣ ካልሆነም ቅሩ። በዓሉ ከሰው ህይወት አይበልጥም፣ ቤተሰብም እንደዛው ነው ሚያስበው፣ የምትጠብቀው እናት "ቅሩ" ብላ የምትለምንበት ጊዜ ላይ ነን።

ዘጌ ለምትሄዱ ደግሞ ጀልባው ጠዋት ይሁን። ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፣ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ልጅ ለያዘ ሰው አይመችም፣ እና ጀልባው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ጥር አካባቢ ያለው የጠዋት ብርድ ህጻን ላይ ይጠነክራል፣ ጋቢ ያዙ። ጀልባ ላይ የበዓል እቃ ከመጠን በላይ አይጫን፣ ጭነት የበዛበት ጀልባ ላይ "አንድ ሰው ምን ያደርጋል" ብላችሁ አትግቡ፣ የሚቀጥለውን ጠብቁ። መንገዱ በመኪናም ይሄዳል።

እጅ ላይ የሚያዝ ነገር

"ምን እናምጣ እማማ" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ይታወቃል፣ "ራሳችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ"። ስለዚህ ታናሽ እህትየዋን ጠይቁ፣ ምን እንደጎደለ የምታውቀው እሷ ነች፣ ቡና ይሁን ዘይት ይሁን ስኳር ትነግራችኋለች። ዘጌ ሄዳችሁ ቡናና ጌሾ አትግዙላቸው፣ ከነሱ ጓሮ ነው ሚወጣው፣ እናንተ ስትመለሱ ነው ምትሸከሙት። ቅቤና በርበሬ ምትገዙ ከሆነ የበዓሉን ሳምንት አትጠብቁ፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ገበያው ላይ ሚበዛው ያኔ ነው፣ ከምታውቁት ሰው በጊዜ ያዙ።

ቅርጫ ላይ ግን ሰው በጣም ይሳሳታል። እሱ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይገባል፣ እሷ ከመስሪያ ቤት ሰዎች ጋር ትገባለች፣ ከዛ አባት ደውሎ "መደብ ይዤላችኋለሁ" ይላል። ያ ሁሉ ሥጋ ሰው የሌለበት ቤት ይገባል፣ መብራት አንድ ቀን ከጠፋ ፍሪጁ ምን ዋጋ አለው። አንድ ቅርጫ፣ ምትውሉበት ቤት ያለው፣ በቃ። ከተረፈ ወዲያው ቋንጣ ዘልዝሉት።

ዶሮ ወጥ ከአንዱ ቤት ወደሌላው ምትወስዱ ከሆነ በደንብ ቀዝቅዞ፣ በሚገጥም ሰርቪስ ተይዞ፣ ስትደርሱ እስኪንተከተክ ይሞቅ፣ ለብ ብሎ አይበላ። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ጸሐይ ሲመታው የዋለ ወጥ ግን ያሳዝናል እንጂ አይበላም፣ በተለይ ለልጆች።

ሆድ

አርባ ምናምን ቀን ሽሮና ጎመን የለመደ ሆድ ላይ በአንድ ሌሊት ዶሮ፣ ክትፎ፣ ዱለት፣ አይብ፣ ጠላና አረቄ መጨመር ነው ችግሩ። አባቶች ጾም ሲፈታ ተልባ ቀድመው የሚጠጡት ያለምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ትንሽ ዶሮ በአይብ፣ ጥሬው ይቆይ። ጥሬ ሥጋ ምትወዱ ሰዎች ኮሶ የሚያመጣው እሱ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ቢያንስ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ይጠበስላቸው። ሁለት ቤት ምትዞሩ ከሆነ አንደኛው ቤት ላይ በመጀመሪያው ሰሃን ብቻ አቁሙ፣ "ቦታ ይተርፈኝ" በሉ በግልጽ፣ ጉርሻውን ግን ተቀበሉ፣ ጉርሻ አልቀበልም የሚባለው ነገር እኛ ሀገር ሆድ ስለሞላ ተብሎ አይገባቸውም። ሚነዳ ሰው ደግሞ ጠላም ቢሆን፣ ጠጅም ቢሆን፣ አረቄም ቢሆን አይቅመስ፣ "ትንሽ ነው" የሚል አጎት በየቤቱ አለ፣ ብርዝ ወይ ቡና ስጡኝ ማለት ነውር የለውም።

ማወዳደር

"የእማዬ ዶሮ ትንሽ በሰል ይላል" ወይም "እነሱ ጋ ጠላው ወፈር ያለ ነው" የምትል ዓረፍተ ነገር ከአፍ ባትወጣ። በቀልድም፣ ልጆችም ፊት፣ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላም። እዚ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር ምንድነው፣ ያቺ እናት ወጡን ስትሰራ እየጾመች ነው። ጨው አልቀመሰችም። ቁሌቱን በማሽተት፣ ጨውን በእጇ ልክ ገምታ ነው ያወጣችው፣ እና ጨው ቢያንስ ወይ ቢበዛ ከሷ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፣ እንደውም እንደዛ ሆኖ መጣፈጡ ነው የሚገርመው። ጨው ካነሰ ዝም ብሎ መብላት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ጨው መጠየቅ ራሱ እንደ ትችት ይቆጠራል።

የመጨረሻው፡ እቃ አለመመለስ

ይሄ ትንሽ ይመስላል ግን ሁለቱም ቤት የሚያስታውሰው እሱን ነው። ከሁለቱም እናቶች ሰርቪስ፣ የጠላ ጆግ፣ መሶብ ምናምን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ ከዛ ተቀላቅሎ የማን የቱ እንደሆነ ይጠፋል፣ የባል እናት ሰርቪስ የሚስት እናት ቤት ተገኝቶ ነገር የሆነበት ቤት አለ። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስም ጻፉበት። ከጥምቀት በፊት ይመለስ፣ ያኔ ይፈልጉታል፣ ባዶውን ደግሞ አይመለስም፣ ዳቦም ቢሆን፣ ብርቱካንም ቢሆን፣ አንድ ነገር ተደርጎበት ነው።