ለመድረክ የድምፅ ሥራ የሚያዝ የዕቃ ቦርሳ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው ማይኩ እምቢ ሲል ቦርሳ ገልብጦ ለመፈለግ ጊዜ የለም። ስለዚህ የድምፅ ባለሙያ ዕቃዎቹን ብልሽት በሚፈለግበት ቅደም ተከተል ቢያስቀምጣቸው ይሻላል፤ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ፣ ቀጥሎ የገመድ፣ ከዚያም የድምፅ መንገዱ ዕቃዎች ይመጣሉ።

እጅ ቶሎ በሚደርስበት ኪስ ቴስተር ያስቀምጡ። ሚክሰሩም ሆነ ሞንታርቦው ከመሰካቱ በፊት ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረው ሶኬቱን ይለኩ። በአገራችን የሚጠበቀው 220 ቮልት አካባቢ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ከራቀ ወይም ጄነሬተሩ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ከሆነ፣ የአዳራሹ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስኪያስተካክለው ድረስ ምንም ነገር አይሰኩ። በዚሁ ኪስ ጠንካራ ዲቫይደርና መለዋወጫ ፊውዝ ይጨምሩ።

ሁለተኛው የገመድ ነገር ነው፤ ካጋጠሙኝ ብልሽቶች አብዛኞቹን ያገኘኋቸው እዚህ ነው። አንድን የኤክስኤልአር ገመድ (ባለ ሦስት እግር የማይክ ገመድ) ለመፈተሽ ቴስተሩን ግንኙነት ሲያገኝ ወደሚጮህበት ቦታ ያዙሩና የአንዱን ጫፍ 1ኛ እግር ከሌላው ጫፍ 1ኛ እግር፣ 2ኛውን ከ2ኛው፣ 3ኛውን ከ3ኛው ጋር ያገናኙ። በዚህ መሐል መሰኪያው ሥር ያለውን ገመድ በጣትዎ ወዲያና ወዲህ ያጥፉት፤ ጩኸቱ ከተቆራረጠ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል ወይም ብየዳው ለቅቋል። 2ኛውና 3ኛው ተቀያይረው የተበየዱ እንደሆነ ግን ድምፅ ስለሚወጣ ማንም አይጠረጥርም፤ ችግሩ የሚታወቀው ከበሮ ላይ ሁለት ማይክ ተደርጎ ወፍራሙ ድምፅ ሲሳሳ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መበየጃ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሆኖም በዝግጅት መሐል ጊዜዎን በብየዳ አያጥፉ፤ ገመዱን ቀይረው በተበላሸው ላይ ቀይ ናስትሮ ይጠምጥሙበት። ወለል ላይ ለሚዘረጋ ገመድ ደግሞ ጋፈር የሚባለውን የጨርቅ ፕላስተር ይጠቀሙ፤ ተራው ፕላስተር ሲላጥ ሙጫውን ገመዱና ምንጣፉ ላይ ትቶ ይሄዳል።

ሦስተኛው ዲአይ ቦክስ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ይያዙ። የኪቦርድ፣ የኤሌክትሪክ ክራር ወይም የላፕቶፕ ድምፅ በተራ የጃክ ገመድ ረጅም ርቀት ሲሄድ የአካባቢውን የኤሌክትሪክ ጩኸት ይሰበስባል፤ ዲአይ ቦክሱ ግን ድምፁን ለረጅም የማይክ ገመድ እንዲመች አድርጎ ይልከዋል። አንድ ሠርግ ላይ ስፒከሮቹ እምም ማለት ጀምረው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ገመድ ስንቀያይር ቆየን፤ በመጨረሻ የዲጄውን ላፕቶፕ ቻርጀር ስነቅለው ጸጥ አለ። የዲአይ ቦክሱን የግራውንድ (የመሬት መስመር) ማብሪያና ማጥፊያ መንካት ብቻ ይበቃን ነበር። ይህ ማብሪያ የሚያላቅቀው የድምፅ ገመዱን ግራውንድ ብቻ ነው። አንዳንዶች እምምታውን ለማጥፋት የኤሌክትሪኩን የግራውንድ ሽቦ ከስፒናው ይቆርጣሉ፤ ይህ ማይክ የጨበጠውን ዘፋኝ ለሞት የሚያበቃ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግም።

ኮንደንሰር ማይክ ዝም ካለ ደግሞ ማይኩን ከመውቀስ በፊት ቴስተሩን ወደ ዲሲ ቮልት አዙረው በገመዱ ጫፍ በ1ኛውና በ2ኛው፣ ከዚያም በ1ኛውና በ3ኛው እግር መካከል ይለኩ፤ ሚክሰሩ ፋንተም፣ ማለትም ኮንደንሰር ማይክ የሚሠራበትን ኤሌክትሪክ በገመዱ የሚልክ ከሆነ ሁለቱም 48 ቮልት አካባቢ ያሳያሉ።

የቀሩትን በአጭሩ ልጥቀስ፤ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን፣ የጃክና የአርሲኤ መቀያየሪያዎች፣ ለገመድ አልባ ማይክ አዲስ የባትሪ ድንጋይ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት፣ የሚክሰሩ ቅንብርና በደንብ የሚያውቁት አንድ ዘፈን ያለበት ፍላሽ ይያዙ። የጆሮ መከላከያም ይጨምሩ፤ ብዙ ባልደረቦቼ ይንቁታል። ነገር ግን በአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም በናዮሽ መመዘኛ፣ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ ሲሆን በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሠርግ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ቀይ ናስትሮ ያለባቸውን ገመዶች ከደህናዎቹ ለይተው በሌላ ከረጢት ያስገቡ፤ ያለቀውን ድንጋይና ፊውዝም በዚያው ሌሊት ይጻፉት።