ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ምን እናንብብ፣ ምን እናድርግ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሰው ሲሞት መዝገቤን ይዤ ቀድሜ እደርሳለሁ። ስንት አግዳሚ፣ ስንት ብረት ድስት፣ ስንት ሳህን እንደወጣ እጽፋለሁ። ሲመለስም ቆጥሬ እረከባለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበርኩ።

ባለቤቴ ያረፈው በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። የጉበት ካንሰር ነበር። እድሩ ምንም አላጎደለብንም። ጎረቤት ሰልስቱ እስኪያልፍ ፍራሽ ላይ አብሮኝ አደረ። ከዚያ ድንኳኑ ተነሳ፣ ዘመዶቼም ወደየቤታቸው ተበተኑ።

በነጋታው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ መጣ። እዚህ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው የሚመጣው። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ይንዶቀዶቃል። ተነስቶ በርሜሉን የሚሞላው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ድምፁን እየሰማሁ ተኝቼ ጠበቅሁ። አሁን ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። በርሜሉ ሞልቶ ውሃው በበሩ ሥር ወደ ደረጃው ሲወርድ የታችኛዋ ጎረቤቴ መጥታ አንኳኳች። ባሌ መሞቱ የገባኝ ያኔ ነው።

እኛ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሆን ሥርዓት አለን፣ ያውም የሚያኮራ። ከሰልስት በኋላ ላለው ጊዜ ግን ሐዘንተኛው ብቻውን ነው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ጊዜ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ሰውየው ገና በአልጋ ላይ እያለ ላለው ጊዜ።

በሽተኛው ገና እያለ

የባለቤቴን ውጤት ሐኪሙ የነገረው ለወንድሙ ነው፣ ያውም ኮሪደር ላይ ቆሞ። ለእሱ አልተነገረውም። ለእኔ በሳምንቱ ተነገረኝ፣ "እንዳታሳውቂው" ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር። እሱ ግን ያውቅ ነበር። ያወቀው ሰው ሁሉ ድንገት ሲለሰልስለት ነው። እሱ የማያውቅ መስሎ፣ እኔም የማላውቅ መስዬ ሁለት ወር ባከነብን። ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ስለዚህ በሽተኛውን ራሱን ጠይቁት። "ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?" በሉት። አንዳንዱ "ሁሉንም" ይላል። አንዳንዱ "ለልጄ ንገሯት፣ እኔ አልፈልግም" ይላል። ሁለቱም መብቱ ነው። የሚጎዳው ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው።

ሕመሙን ደግሞ "ቻለው" አትበሉት። ለከባድ የካንሰር ሕመም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን አለ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚወሰደው። ሕመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣል። ሆድ ያደርቃል፣ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። "ሱስ ይሆንበታል" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ለሕመም ሲወሰድ ይህ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። በሽተኛውን ቤት ድረስ መጥቶ የሚያይ ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ውስጥ የማይድኑ ሕሙማንን የሚንከባከበው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህን ሥራ ይሠራል።

አንድ ሌሊት ግን ለባለቤቴ መድኃኒቱም አልያዘለትም። ይገላበጣል፣ ያቃስታል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ ከእህቱ 8 ሺህ ብር ተበድሮ እንዳልመለሰላት ነገረኝ። ከእኔ ደብቆት ኖሯል። "እኔ እከፍላታለሁ" አልኩት። እስኪነጋ ተኛ። ለንደን ውስጥ በ1967 እ.ኤ.አ. ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ የመሠረቱት ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም ይሉ ነበር። የልብ፣ የመንፈስና የኑሮ ጭንቀት አብሮ ያማል። ይህን ያነበብኩት በኋላ ነው። ሳነበው ያቺ ሌሊት ትዝ አለችኝ። እና ዕዳውን፣ የቤቱን ካርታ፣ የተጣላውን ሰው ጠይቁት። ይህን መጠየቅ ሟርት አይደለም።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ምግብ ይተዋል። እኛ ደግሞ ማጉረስ እንወዳለን። ሰውነቱ ምግብ የማይፈልግበት ጊዜ ስለደረሰ ነው እንጂ በረሃብ እየሞተ አይደለም። በግድ ስታጎርሱት ትን ሊለው ይችላል። ጥጥ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ውሃ ነክራችሁ ከንፈሩን አርጥቡለት። እኔ በትንሽ ማንኪያ ጀርባ ነበር የማረጥብለት። ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጉሮሮው ያንኮራፋል። ለምናየው ያስፈራል፣ እሱን ግን ብዙውን ጊዜ አያሰቃየውም። መስማት እስከ መጨረሻው ሊቆይ ስለሚችል አጠገቡ ሆናችሁ ስለ ቀብር ወጪ አትነጋገሩ። ስሙን ጥሩት፣ እጁን ያዙት።

መጽሐፍ መቼ፣ የትኛው

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለሐዘንተኛ መጽሐፍ አትስጡ። ዓይኑ ቢያይም አያነብም። ይልቅ እናንተ ጠያቂዎቹ መጽሐፈ ኢዮብን አንብቡ፣ ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ። ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ልክ እንደኛ ፍራሽ ላይ መቀመጥ ነው። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው "ይህ የመጣብህ በኃጢአትህ ነው" ማለት ሲጀምሩ ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ሳይሆን በእነሱ ነው። ለቅሶ ቤት ምክር ሊያበዛ ለሚመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

እስከ አርባው ድረስ አጭር ነገር ይሻላል። ለክርስቲያን ዳዊት አለ። ማታ ማታ አንድ መዝሙር ይበቃል። ሰው ሁሉ "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" የሚለውን ይሰጣል፣ በግዕዙ ቆጠራ 22ኛው ነው፣ በሌላው 23ኛ። ደግ ነው። እኔን የያዘኝ ግን 87ኛው ነበር፣ በሌላው ቆጠራ 88ኛው። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ እሮሮ ነው። ማጽናኛ ሳይጨመርበት ያልቃል። እንዲህ ያለ ጸሎት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መኖሩን ሳይ፣ የእኔም እሮሮ ኃጢአት እንዳልሆነ ገባኝ።

የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ያቺ ውሃው የፈሰሰባት፣ ሙስሊም ናት። እሷም ከሁለት ዓመት በኋላ ባሏ ሞተባት። ኢዳ ተቀመጠች፣ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትቆይበትን ጊዜ፣ 4 ወር ከ10 ቀን። ለቅሶ ልደርሳት ስሄድ ከቁርኣን፣ ከሱረቱል በቀራህ 156ኛውን አንቀጽ ነገረችኝ፣ "እኛ የአላህ ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን" የሚለውን። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትለው እንደማትቆጥር ነገረችኝ። እኔም ያንን 87ኛ መዝሙር ነገርኳት። የሌላ እምነት ጎረቤት ስትጠይቁ "ምን ታነቢያለሽ?" ማለት ነውር የለውም።

ከአርባው በኋላ ረዘም ያለ ነገር ማንበብ ይቻላል። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ሚስቱ በ1960 እ.ኤ.አ. ከሞተችበት በኋላ የጻፋት ትንሽ ማስታወሻ አለች። በ1961 ስትወጣ በብዕር ስም ነበር። ስለ ክርስትና ብዙ የጻፈ ሰው ነው፣ እዚያ ላይ ግን እግዚአብሔርን በምሬት ይጠይቃል። "ለምን" ማለት ለፈሩ አማኞች እሰጣታለሁ።

ስለ "አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች" ደግሞ ሬዲዮም ፌስቡክም ያወራል። መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ መተከዝ፣ መቀበል። ከእድራችን አንዲት እናት "እኔ አልተቆጣሁም፣ የሆነ ችግር አለብኝ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ምንም ችግር የለባትም። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የጻፉት ሊሞቱ የተቃረቡ ሕመምተኞችን አነጋግረው ነው። ለሐዘንተኛ መስጠቱ በኋላ የመጣ ነው። እንደ ደረጃ ተራ በተራ የሚወጣ ነገርም አይደለም። መጽሐፉን አንብቡት፣ ግን በሽተኛን ለመረዳት አንብቡት።

ለእኔ የበለጠ የጠቀመኝ ዊልያም ዎርደን የሚባሉት የሥነ ልቦና ባለሙያ ያሉት ነው። ሐዘን ሥራ አለው፣ አራት ሥራ። መሞቱን መቀበል፣ ሕመሙን ማሳለፍ፣ እሱ የሌለበትን ኑሮ መልመድ፣ ከዚያም እያስታወሱት ወደፊት መኖር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እናቶቻችን በአንድ ቃል ይጠሯቸዋል፣ እርም ማውጣት። ሦስተኛው ነው የሚረሳው። ይህ ሥራ ያለው ግን ውሃው ውስጥ ነው፣ ቆጣሪው ውስጥ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ስብሰባ ውስጥ ነው። ወረቀት ያዙና ሟቹ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረውን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ማን ምን እንደሚይዝ ተከፋፈሉ። እኛ ቤት በርሜሉን ትልቁ ልጄ ወሰደው። ከመዝሙር ባልተናነሰ ረድቶኛል።

መጻሕፍቱን የት አገኛለሁ ለምትሉ፣ ያገለገሉትን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሚሸጡት እፈልጋለሁ። ሌላውን 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማንበብ ይቻላል። ከዚህ ዳር ሰፈር ሩቅ ነው፣ ታክሲ ያቀያይራል። ግን ለሐዘንተኛ ከቤት መውጣቱ ራሱ ደህና ነው።

ልጆች

ትንሹ ልጄ 6 ዓመቱ ነበር። አንድ ዘመዳችን ከእኔ ሳይማከር "አባባ ውጭ አገር ሄዷል" አለው። ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጦ ያነሳ ጀመር። "አባባ ነው?" ይላል። ሦስት ሳምንት ቻልኩ። አንድ ማታ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። "አባባ ሞቷል። ሰውነቱ መሥራት አቁሟል። አይመለስም። አንተ ያደረግከው ነገር አይደለም፣ እኔም የትም አልሄድም" አልኩት። አለቀሰ። ከዚያ እራቱን በላ። በማግስቱ እንደገና ጠየቀኝ፣ እንደገና ነገርኩት። ትንሽ ልጅ አንዴ ሰምቶ አይበቃውም። "ተኝቷል" አትበሉ፣ መተኛት ይፈራል። "እግዜር ስለወደደው ወሰደው" ማለትም ለልጅ ያስፈራል።

መቼ ሐኪም ጋ ይኬድ

መሳቅ ሲመጣ አትፈሩ። ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ የሚስቁትን ወንዶች ድሮ እቀየም ነበር። አሁን አልቀየምም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ወደ ሐዘኑ ገባ፣ ወደ ኑሮው ወጣ እያለ ነው የሚድነው፣ ይህን ያጠኑ ምሁራንም እንዲሁ ይላሉ።

ከዚህ የተለየ አለ። ሐዘኑ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ የቀረ፣ ሥራ መሥራት፣ ልጅ መንከባከብ ያልቻለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 ወር በላይ እንዲህ ከቀጠለ የተራዘመ ሐዘን ይለዋል፣ ሕክምናም አለው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ለአዋቂ 1 ዓመት ይላሉ። ሁለቱ ቀኖች መንፈቅና ሙት ዓመት ላይ መዋላቸው ገርሞኛል። እናንተም ለመንፈቁና ለሙት ዓመቱ ስትሰበሰቡ ሐዘንተኛውን ደህና አድርጋችሁ እዩት። ይበላል? ይተኛል? ከቤት ይወጣል? መልሱ ካሳሰባችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሊልኩት ይችላሉ። "ከእሱ ጋር ብሞት ይሻለኛል" እያለ ካሰበበት ደግሞ መንፈቅ አትጠብቁ፣ የዛኑ ቀን ውሰዱት፣ ብቻውንም አትተዉት።

ጠያቂ ለምትሆኑ

በመዝገቤ ላይ ከእያንዳንዱ ሟች ስም ጎን ሦስት ቀን እጽፋለሁ። ድንኳኑ በተነሳ በማግስቱ፣ ከአርባው ማግስት፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዓውደ ዓመት ዋዜማ። በነዚህ ቀናት አንዲት ሴት ከእድሩ እንድትሄድ እመድባለሁ። ዕቃ ይዛ ባትሄድም ግድ የለም። ውሃ ልሙላልሽ፣ ልጆቹን ላድርስልሽ ትላለች። "ምን ልርዳሽ?" አትልም፣ ሐዘንተኛ የሚፈልገውን አያውቀውም። "ጠንከር በይ፣ ለልጆችሽ ስትይ" አትልም። ስትቀመጥ የምታነሳው የሟቹን ስም ነው። "እሱ እኮ ይህን ደረጃ ሲወጣ ያፏጭ ነበር" ትላለች። ከዚያ ዝም ብላ ትሰማለች።