11ኛ ክፍልን ዘልሎ ወደ 12ኛ መግባት፦ ከውሳኔ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በሰሜን ሸዋ ጸጥታው በደፈረሰባቸው ወረዳዎች ትምህርት እየተቋረጠ ዓመት የባከነባቸው ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ 10ኛን ያጠናቀቀ ልጅ «11ኛን ዘልዬ 12ኛ ልግባ» ቢል ነገሩን የችኮላ ፍላጎት ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ወላጅም የራሱ ምክንያት አለው። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ገጠር መጥቶ ከተማ የሚማር ልጅ ቤት ይከራያል፣ እሑድ እሑድም በሶውንና ቆሎውን ተሸክሞ ይመለሳል፤ አንድ ዓመት ሲቀነስ የአንድ ዓመት ኪራይና ስንቅ ይቀራል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጠባ እውነተኛ የሚሆነው ልጁ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በመጀመሪያው ሙከራ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባለው ትምህርት ላይ የተመሠረተ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ማለፊያ የሆነውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከእነዚህ ተፈታኞች አብዛኞቹ አራቱንም ክፍሎች በየተራ የተማሩ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። 50 በመቶ ሳያመጣ ለሪሜዲያል ፕሮግራም የበቃ ተማሪ የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት) ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የማካካሻ ትምህርት ተከታትሎ እንደገና መፈተን አለበት። በመዝለል የተገኘው ጊዜ ያኔ ተመልሶ ይበላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ራስን መፈተን ነው፤ የክፍል ደረጃ ለዚህ አያገለግልም፤ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ የሚለካው ከጓደኞቹ ጋር እንጂ ከፈተናው ጋር አይደለም። ተማሪው በክረምቱ መጀመሪያ የ11ኛ ክፍል የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍትን ተውሶ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን የክለሳ ጥያቄዎች ያለ ረዳት ይሥራ። በተለይ ሒሳቡን ችላ ማለት አይገባም፤ የ11ኛው ፈንክሽን በደንብ ያልገባው ልጅ 12ኛ ላይ ሊሚትና ዴሪቫቲቭ ሲመጣ መምህሩ ወደ ኋላ ተመልሶ አያስተምረውም። ከዚያም ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ይዞ፣ ሞባይሉን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ በተፈቀደው ሰዓት ብቻ ይሥራ። ፈተናው ምርጫ በመሆኑ አራት አማራጭ ካለው ጥያቄ ሩብ ያህሉ በግምት ሊመታ ይችላል። ስለዚህ እርግጠኛ ሳይሆን ባጠቆረው ቁጥር ሁሉ ጎን ምልክት ያድርግ፤ ሲታረም እነዚያ ትክክል ሆነው ቢገኙም አይቆጠሩ። በእኔ ግምት በዚህ አቆጣጠር 60 ከመቶ ያላመጣ ተማሪ መዝለል የለበትም፤ የፈተና አዳራሽ ውጥረት ገና አልተቆጠረምና።

ሌላም ነገር አለ። የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የሚለየው 11ኛ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ዓመት የሚዘል ልጅ ዘርፉን ሳይቀምሰው ይመርጣል።

ራሱን ፈትኖ የበቃ ተማሪ ወደ ወረቀቱ ጉዳይ ይሂድ። ርእሰ መምህሩን ብቻ ሳይሆን የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤትም መጠየቅ፣ ፈቃድ ከተገኘም በጽሑፍና በማኅተም መቀበል ይገባል፤ «ችግር የለውም» የሚል የቃል መልስ ለፈተና ምዝገባ ማስረጃ አይሆንም። የ11ኛ ክፍል ውጤት በትራንስክሪፕቱ ላይ እንዴት እንደሚሞላም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ወደፊት ውጭ አገር ለመማር የሚያመለክት ሰው የአራቱንም ዓመታት ውጤት እንዲያቀርብ ሊጠየቅ ይችላልና።

የተረፈው ዓመት ምን ላይ እንደሚውልም ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቶ ለመሥራት ከታሰበ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 18 ዓመት ያልሞላውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ ስለዚህ በፈረቃ ለሚሠራ ድርጅት የ16 ዓመት ልጅ አይመችም። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ ምደባው ደብረ ብርሃን ላይሆን ይችላል፤ ከቤተሰብ ርቆ ብቻውን ለመኖር አንድ ዓመት መብሰል ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ሴት ልጅ ስትሆን ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ፈጥና ጨርሳ ውጤት ካልመጣላት ቤት የምትቀመጥበት ጊዜ የጋብቻ ጥያቄ የሚበዛበት ነው፤ ትምህርት ቤት መቆየቷ በራሱ ከለላዋ ነው።

በዕድሜው ቀድሞ የሄደ፣ ማለትም 19 ወይም 20 ዓመት ሆኖት 10ኛን የጨረሰ ልጅ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። እርሱ ዓመት ቢቆጥብ መብቱ ነው፤ ሆኖም ከመዝለል በፊት የማታውን ትምህርትና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን ቢያይ ቀን እየሠራ የሚማርበት መንገድ ሊያገኝ ይችላል። በዕድሜው ልክ ያለው ጎበዝ ተማሪ ደግሞ ክፍሉን ሳይዘል የ12ኛውን መጽሐፍ በክረምት ቢጀምር፣ ፈተናው ሲደርስ ሁለት ጊዜ ያነበበው ይሆናል።

ውሳኔው የመስከረም ምዝገባ ከመድረሱ በፊት ያልቅ። በኅዳር 12ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ካልተማረው 11ኛ በተጨማሪ የ12ኛንም የመጀመሪያ ምዕራፎች ብቻውን መሸፈን ይኖርበታል።