የከተማ ምክር ቤት «ጦርነቱ ይቁም» እንዲል ማድረግ፦ የአንድ ራፖር ጸሐፊ ምክር

አዲስ አበባ፣ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በጽሕፈት መኪና ለባለጉዳይ አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ሥራ የተረፈኝ አንድ ልማድ አለ፤ ባለጉዳዩ በደሉን ዘርዝሮ ሳይጨርስ «የምንጽፈው ለማን ነው? እሱስ ምን ማድረግ ይችላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አሁን የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው። በመካከሉ ገዳሪፍና ካርቱም ያሳለፍኳቸው ዓመታት ስላሉ ሱዳናውያን ጎረቤቶቼ «ከተማችን ስለ አገራችን ጦርነት አንድ ነገር እንዲል ማድረግ ይቻላል ወይ?» ሲሉ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። የእኛም ልጆች ይጠይቁኛል። ይቻላል፤ መንገዱ ግን ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ስለሆነ በጽሑፍ ላስቀምጠው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የከተማ ምክር ቤት ጦር አያዝም፣ አምባሳደር አይልክም። የሚያወጣው የውሳኔ ሐሳብ ማንንም አያስገድድም። የቺካጎ ምክር ቤት በጃንዋሪ 2003 አሜሪካ ኢራቅን ቀድማ እንዳትወጋ በ46 ድምፅ ለ1 ጠየቀ፤ ከሁለት ወር በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ። ታዲያ ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ወረቀቱ የሚጻፈው ለጄኔራሎቹ አይደለም። የሚጻፈው አካባቢያችሁን ወክሎ ዋሽንግተን ለተቀመጠው እንደራሴና ለሁለቱ ሴናተሮች ነው። እነሱ ደግሞ በምርጫ ጊዜ ደጃችሁን የሚያንኳኩ ሰዎች ስለሆኑ የከተማው ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እንደ ተራ ደብዳቤ አይቆጥሩትም። በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የቀረበው «ኤች አር 128» የተባለው የውሳኔ ሐሳብ በኮንግረስ የእንደራሴዎች ምክር ቤት እንዲያልፍ በየእንደራሴው ቢሮ የተመላለሱ ኢትዮጵያውያን ይህን አሠራር ያውቁታል።

አንድ ድንበር ግን አለ። ማሳቹሴትስ በ1996 በርማ ውስጥ ከሚሠሩ ኩባንያዎች መንግሥታዊ ግዢ እንዳይፈጸም የሚገድብ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 ሻረው፤ የፌዴራሉን ማዕቀብ ያደናቅፋል በሚል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ግዢና ውል ውስጥ ሳይገባ ጥሪ ላይ እንዲቆም ነው። «የውጭ ጉዳይ የከተማ ሥራ አይደለም» የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም። መልሱን አዘጋጁ፤ ከተማው የውጭ ጉዳይ ይምራ አላልንም፣ ለሚመሩት የነዋሪውን ሐሳብ ይንገር ነው ያልነው።

ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ማይክሮፎኑን ነው። እኔ እንደማየው ጉዳዩ የሚያልቀው ማይክሮፎኑ ከመከፈቱ በፊት፣ ድምፅ ሲቆጠር ነው። ደብተር ያዙና የምክር ቤቱን አባላት ስም በሦስት ረድፍ ጻፉ፤ አዎ፣ አይሆንም፣ አልታወቀም። «ጉዳዩ በጣም ያሳስበኛል» ያለ አባል አዎ አላለም። «ልቤ ከእናንተ ጋር ነው» ያለም አላለም። «ድምፄን እሰጣለሁ» እስኪል ድረስ ስሙ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቆያል።

ስንት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የከተማው ደንብ ነው። የጋዛው ጦርነት ያስነሳቸው ውሳኔዎች ለዚህ ጥሩ ትምህርት ናቸው። ሚኒያፖሊስ 13 የምክር ቤት መቀመጫ አላት፤ አብላጫው 7 ነው። በጃንዋሪ 2024 የተኩስ አቁም ጥሪው 9 ድምፅ አገኘ፣ ከንቲባው ውድቅ አደረጉት፣ ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ በዚያው በ9 ድምፅ የከንቲባውን እገዳ ሻረ። ለመሻር የሚያስፈልገው በትክክል 9 ነበር። 7 ብቻ ይዘው የገቡ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ያበቃ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮም በጃንዋሪ 2024 በ8 ለ3 አሳለፈች፤ ከንቲባዋ አልፈረሙም፣ አላገዱምም፤ 8 ድምፅ እገዳን ለመሻር የሚበቃ ነበር። ቺካጎ ላይ 23 ለ23 እኩል ወጥቶ የለየው የከንቲባው ድምፅ ነው። እኛ ዘንድ ኦክላንድ ውስጥ የምክር ቤት አባላቱ 8 ናቸው፤ አራት ለአራት ከሆነ ከንቲባው ይለያል። ከ2025 ጀምሮ ያን ወንበር የያዙት ባርባራ ሊ ናቸው፤ በሴፕቴምበር 2001 ኮንግረስ ለፕሬዚዳንቱ የጦር ሥልጣን ሲሰጥ በእንደራሴዎች ምክር ቤት 420 ለ1 በሆነው ድምፅ ያቺን «አንድ» የነበሩት። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ከተማችሁ ውስጥ ካለ ማወቅ ይጠቅማል።

ቆጠራው ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ካሊፎርኒያ ያላችሁ ልብ በሉ። ብራውን አክት የሚባለው የ1953 ሕግ አብዛኞቹ የምክር ቤት አባላት ከሕዝብ ተደብቀው ጉዳይ እንዳይመክሩ ይከለክላል። ክልከላው በመልእክተኛ የሚደረገውንም ይጨምራል። ስለዚህ አንዷን አባል አነጋግራችሁ ስትወጡ ለሚቀጥለው «እሷ እንዲህ ብላለች» አትበሉ። በቀና ልብ ወሬ ስታመላልሱ የራሳችሁን ጉዳይ ለክስ ታጋልጡታላችሁ። እያንዳንዱን አባል ለየብቻው፣ የራሱን ሐሳብ ብቻ ጠይቁ። ደብተራችሁን ለማንም አታሳዩ።

ያው ሕግ መደበኛ ስብሰባ የሚያየው አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት እንዲለጠፍ ያዛል። አጀንዳ ላይ ያልሰፈረ ነገር በአብዛኛው አይወሰንም። በሕዝብ አስተያየት ሰዓት ተነስታችሁ ብታለቅሱ ምክር ቤቱ ሰምቶ ያልፋል፤ ልወስን ቢልም አይችልም። ስለዚህ ሐሳቡን በስሙ የሚያቀርብ አንድ አባል ያስፈልጋችኋል። ኦክላንድ ውስጥ የትኛው ጉዳይ መቼ እንደሚቀርብ የሚወስነው የደንብና የሕግ አወጣጥ ኮሚቴው ስለሆነ ከምክር ቤቱ በፊት ያን ኮሚቴ ጎብኙ። በሌሎች ከተሞች ጸሐፊውን፣ ማለትም የከተማውን ክለርክ፣ ጠይቁ። ክለርኮች በአክብሮት ለሚጠይቃቸው ሰው ብዙ ነገር ያስረዳሉ። ይህን ከልደታም አውቀዋለሁ፤ ዳኛውን ከማግኘት መዝገብ ቤቱን ማወቅ ይበልጣል።

አሁን ጽሑፉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የውሳኔ ሐሳብ ሁለት ክፍል አለው፤ መነሻዎቹና ጥሪው። መነሻው ውስጥ የሚገባው ተቃዋሚው ሊክደው የማይችለው ነገር ብቻ ነው። ቅጽል ሁሉ ይውጣ። «አረመኔያዊ» የሚል ቃል ስታስገቡ ክርክሩ ስለ ሙታን መሆኑ ቀርቶ ስለ ቃሉ ይሆናል። ስለ ሱዳን ቢሆን እኔ እንዲህ እጀምራለሁ፦

«ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል በሚካሄደው ጦርነት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቤታቸው የተፈናቀሉ ስለሆነ፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ የዘር ማጥፋት ወንጀል መፈጸሙን ያስታወቀ ስለሆነ፤ በዚያው ወር የሁለቱም ወገን መሪዎች ላይ ማዕቀብ የተጣለ ስለሆነ፤ ቤተሰቦቻቸው በጦርነቱ ውስጥ የሚገኙ ነዋሪዎች በዚህ ከተማ የሚኖሩ ስለሆነ...»

የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳትዘነጉ። ጉዳዩን የከተማው የምታደርገው እሷ ናት። ሁለቱም ወገኖች መጠቀሳቸውም ለይስሙላ አይደለም፤ አንዱን ብቻ ብትጠሩ ሌላውን የሚደግፍ ሰው ይነሳና ሌሊቱ በዚያ ያልፋል። ኦክላንድ በኖቬምበር 2023 ስለ ጋዛ ስትወስን ሐማስን የሚያወግዝ ማሻሻያ ቀርቦ በ6 ለ2 ወደቀ፤ ዋናው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ምን ጨምሮ ምን መተው እንዳለበት አስቀድማችሁ በመካከላችሁ ተከራከሩ እንጂ አዳራሽ ውስጥ አትጀምሩት።

የጥሪው ክፍል ይጠር። ማን፣ ምን፣ በምን መንገድ። «ምክር ቤቱ ሰላምን ይመኛል» ብሎ የሚያበቃ ወረቀት ሳይጻፍ ቢቀር ይሻላል። «የዚህ ወረዳ እንደራሴና ሴናተሮቻችን ለየትኛውም ወገን መሣሪያ ለሚያቀርቡ አገሮች የሚደረግ የጦር መሣሪያ ሽያጭ እንዲቆም ድምፅ እንዲሰጡ» ስትሉ ግን መልስ የሚጠየቅበት ነገር ይሆናል። ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። ሦስት ገጽ የሆነ አቤቱታ የሚያነብ ዳኛ አላጋጠመኝም።

«የእኛስ ጦርነት?» የሚል ወገናችን ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የኔ መልስ አንድ ወረቀት አንድ ጉዳይ የሚል ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ ስትጭኑ የሱዳኑም የእኛም ይወድቃል።

ተናጋሪዎችን በተመለከተ፣ ጥቂት ሰው ይበቃል። ኦክላንድ ያን የጋዛ ውሳኔ ባሳለፈች ማግሥት አገር ምድሩን የዞረው የምክር ቤቱ ጽሑፍ ሳይሆን የአንዳንድ ተናጋሪዎች ቪዲዮ ነበር። ተናጋሪዎቹን ምረጡ፣ ቀድማችሁ አዳምጡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሰው ሲበዛ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ስለዚህ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ንግግር አዘጋጁ። አንድ ሰው፣ አንድ ታሪክ፣ በመጨረሻም «እባካችሁ ድምፃችሁን ስጡ»። ከካርቱም ተነስታ በመተማ በኩል ኢትዮጵያ የገባች ሴት መንገዱን ብቻ ብትናገር ስለ ጂኦፖለቲካ ከሚያወራ ዶክተር ትበልጣለች። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናቶችም በዐረብኛም ሆነ በአማርኛ ይናገሩ፤ በካሊፎርኒያ ሕግ አስተርጓሚ የሚጠቀም ተናጋሪ ቢያንስ እጥፍ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ትርጉሙ በመሣሪያ እኩል የሚሰማ ካልሆነ በቀር። ይህን ለሰብሳቢው ማስታወስ ነውር አይደለም። የተቃዋሚ ንግግር ሲሰማ ጩኸት እንዳይኖር ለሰዎቻችሁ ንገሩ፤ ቺካጎ ላይ ከንቲባው የታዳሚውን ሰገነት እስከ ማስለቀቅ ደርሰዋል።

ድምፁ ካለፈ በኋላ ፎቶ ተነስቶ ወደ ቤት መሄድ የተለመደ ነው። እናንተ ግን በሳምንቱ ክለርኩ ዘንድ ሂዱና የተረጋገጠ ቅጂ ውሰዱ። ለእንደራሴው የአካባቢ ቢሮ ቀጠሮ አስይዙ፤ በኢሜይል ብቻ አትላኩት። ከሱዳናውያኑ ሁለት፣ ሐሳቡን ካቀረበው የምክር ቤት አባል ቢሮ አንድ ሰው አብረው ይሂዱ። ጠረጴዛው ላይ ቅጂውን አስቀምጡና «እንደራሴው ለዚህ ጥሪ መልሳቸው ምንድን ነው? በጽሑፍ መቼ እናገኛለን?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ቀን እዚያው እነሱ ፊት በደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ቀኑ ሲደርስም ደውሉ።