የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ከየት እንደመጣ እንዴት ይጣራል? ዋሽንግተንን ይዘን እንየው

አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ላስት ኔም» የሚለው ክፍት ቦታ ላይ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይጽፋል። ልጅ ሲወለድ ደግሞ የትኛው ስም ይቀጥል የሚል ክርክር ቤት ውስጥ ይነሳል። የእንግሊዞቹ የቤተሰብ ስም ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ስድስት መቶ፣ ሰባት መቶ ዓመት የተጓዘ ነው። ወደ ኋላ ተከትሎ መሄድ የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ባለቤት የት ይኖር እንደነበር ወይም በምን ሥራ ይተዳደር እንደነበር፣ ዘሮቹም ወዴት እንደተበተኑ ስሙ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል።

አካሄዱን ለማሳየት ዋሽንግተን የሚለውን ስም ይዘን እንሄዳለን። ዲሲ ላለው ወገናችን ከተማ ነው፣ ለታሪክ ተማሪ ፕሬዝዳንት፣ ለፊልም ወዳጅ ደግሞ ዴንዘል። ከሁሉም በፊት ግን የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ መንደር ነበር። ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ይከፍታል፤ እኔ ግን ካርታው ይቅደም እላለሁ። ስሙ የት አካባቢ ተከማችቶ እንደነበር ሳይታወቅ የሚሰጥ ትርጉም ብዙ ጊዜ ግምት ነው።

1. አጻጻፎቹን ሁሉ ይሰብስቡ

በእንግሊዝ የስም አጻጻፍ አንድ ወጥ የሆነው በቅርቡ ነው። ቄሱ ወይም ጸሐፊው እንደሰማው ይጽፍ ስለነበር የአንድ ሰው ስም በጥምቀት መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት፣ በቀብር መዝገብ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የዋሽንግተን አሮጌ መልክ «ዌሲንግተን» ነው። ዛሬ የሚታወቀውን አጻጻፍ ብቻ ይዞ ፍለጋ የገባ ሰው መካከለኛውን ዘመን በሙሉ ያልፈዋል።

ስሙ በእርግጥ እንግሊዛዊ መሆኑንም አብረው ይጠይቁ። «ሊ» የሚባል ሰው ስሙ በጥንታዊ እንግሊዝኛ በጫካ መሀል ያለ ገላጣ ቦታ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሰውዬው ቻይናዊ ወይም ኮሪያዊም ሊሆን ይችላል። ስም የቀየሩም አሉ። የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ «ዊንዘር» የተባለው በ1917፣ ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ሳሉ ጀርመንኛውን ስም ጥለው ነው።

2. ስሙ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይገምቱ

የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች በጥቅሉ አራት ወገን ናቸው። ከቦታ የመጡ አሉ፤ ዋሽንግተን እዚህ ይገባል፣ የዴቪድ ቤካም ስምም በኖርፎክ ካለ ቦታ የመጣ ነው። ከሥራ የመጡ አሉ፤ ስሚዝ አንጥረኛ ነው። ከአባት ስም የመጡ አሉ፤ ጆንሰን የጆን ልጅ ነው፣ ሆፕኪንስ ደግሞ ሮበርት ከሚለው ስም ቁልምጫ የወጣ ነው። የቀሩት ቅጽል ስሞች ናቸው፤ ሊትል፣ ብራውን፣ አርምስትሮንግ።

ይህ ገና ግምት ስለሆነ በእርሳስ ይጻፉት። «ኪንግ» የሚባለው ሰው የንጉሥ ዘር አይደለም። ቅድመ አያቱ በበዓል ትያትር ላይ ንጉሥ ሆኖ የተጫወተ፣ ወይም ሲራመድ ደረቱን የሚነፋ ሰው ሊሆን ይችላል።

3. የ1881 ካርታውን ይሥሩ

ዋናው ሥራ ይኼ ነው። የ1881 የእንግሊዝና የዌልስ ሕዝብ ቆጠራ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ፋሚሊሰርች በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይፈለጋል። የሚጠይቀው አካውንት መክፈት ብቻ ነው። ባቡርና ፋብሪካ ሰውን ማንቀሳቀስ የጀመሩት ቀደም ብለው ቢሆንም ብዙው ቤተሰብ ያኔም ከአያቶቹ አገር ብዙ አልራቀም ነበር፤ ስለዚህ ቆጠራው ለስም ፍለጋ ምቹ ነው።

የቤተሰብ ስሙን ብቻ ያስገቡ፣ ትክክለኛው አጻጻፍ ብቻ ይምጣ የሚለውን ምልክት ያድርጉ፣ ከዚያ ውጤቱን በካውንቲ ይክፈሉት። የእያንዳንዱን ካውንቲ ቁጥር ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ቁጥሩን እንዳለ አይመኑት። ለንደንና ላንካሻየር ሰው የበዛባቸው ስለነበሩ ማንኛውም ስም እነሱ ዘንድ ብዙ ነው። ሦስት ሚሊዮን ሰው ያለበት ካውንቲ 600 ሰዎች ተገኙበት፣ ሦስት መቶ ሺህ ሰው ያለበት ደግሞ 300 ተገኙበት እንበል። በመጀመሪያው ከ5,000 ሰው አንዱ፣ በሁለተኛው ከ1,000 ሰው አንዱ ስሙን ይዟል። ቁጥሩ ግማሽ ቢሆንም ስሙ አምስት እጥፍ የሰፈነው በትንሹ ካውንቲ ነው፤ መነሻውን መፈለግ ያለብዎትም እዚያ ነው።

ካርታ ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት ዎከር፣ ፉለርና ተከር የሚሉትን ሦስት ስሞች እንውሰድ። ሦስቱም የአንድ ሙያ ስም ናቸው። ከሸማኔ እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ ልልና ቅባት ያለበት ስለሆነ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ፣ ለዚሁ የሚሆን አፈርና የቆየ ሽንት ተጨምሮበት፣ እስኪጠብቅና እስኪወፍር ይረገጥ ነበር። ቡሉኮ በእግር ሲታጠብ ያየ ሰው ሥራው አይጠፋውም። ይህን የሚሠራውን ሰው በሰሜን እንግሊዝ ዎከር፣ በደቡብ ምሥራቅና በምሥራቅ ፉለር፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ተከር ይሉት ነበር። በዴቨን ዋና ከተማ በኤክሰተር የሙያው ማኅበር በ1471 የተሠራ አዳራሽ አለው፤ ዛሬም የተከሮች አዳራሽ ይባላል። ስለዚህ የ1881 ካርታ ተከሮችን በዴቨን፣ በኮርንዎልና በሶመርሴት፣ ዎከሮችን በዮርክሻየርና በላንካሻየር አጭቆ ሲያሳይዎት የሚያዩት የዘር ግንድ ሳይሆን የቀበሌኛ ድንበር ነው። ዎከሮች ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም፤ ጨርቅ የሚረግጥ በየመንደሩ ነበር።

ብርቅ ስም ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ኤንትዊስል የሚለው ስም ላንካሻየር ውስጥ ቦልተን አጠገብ ካለች አንዲት ቦታ የመጣ ነው፤ ካርታው ላይም እዚያው አካባቢ ተጠራቅሞ ይታያል። እንዲህ ዓይነት አንድ ጥቁር ነጥብ ካገኙ እድለኛ ነዎት።

4. በመዝገቦች ወደ ኋላ ይሂዱ

ከ1881 ተነስተው ደረጃ በደረጃ ይውረዱ። ስም በዝርዝር የያዘው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1841ዱ ነው። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የጀመረው ሐምሌ 1837 ነው፤ ፍሪቢኤምዲ የሚባለው ድረ ገጽ ማውጫውን በነጻ ያሳያል። ከዚያ በፊት የደብር መዝገቦች አሉ፤ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እያንዳንዱ ደብር ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። ከእነሱ ጎን ለጎን ከ1662 እስከ 1689 የተሰበሰበው የምድጃ ግብር መዝገብ አለ። ከ1538 በፊት ደግሞ የሚገኘው በአብዛኛው የግብር መዝገብ ነው፤ ለምሳሌ በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር። የግብር መዝገቦቹ ብዙ ተራ ሰዎችን በስም የሚጠሩ በመሆናቸው ለእኛ ሥራ ወርቅ ናቸው።

ለዋሽንግተን መዝገቡ ደግ ነው፤ የባለርስት ስም ስለሆነ ከብዙዎቹ በፊት ይታያል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዊልያም ደ ኸርትበርን የሚባል ሰው ከደራም ጳጳስ ርስት ተለዋወጠ። አዲሱ ርስቱ ዌሲንግተን ነበር፤ ሰውዬውም የቀድሞውን መጠሪያ ጥሎ «ደ ዌሲንግተን»፣ ማለትም የዌሲንግተኑ፣ ተባለ። የቤተሰብ ስም እንዴት እንደሚወለድ ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም፤ መሬቱ ሲቀየር ስሙ ተቀየረ፣ ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ቢሄድም ስሙ ቀረ። ቦታው ዛሬ በሰንደርላንድ ከተማ ክልል ውስጥ ነው።

ከዘሮቹ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ላንካሻየር ሄደ። ከዚያ የወጣው ሎውረንስ ዋሽንግተን የሱፍ ነጋዴና የኖርዝሃምፕተን ከንቲባ ሆነ፤ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲያፈርስ ከገዳም የተወሰደውን የሰልግሬቭ ርስት በ1539 ገዛ። ከእሱ ዘሮች አንዱ የሆነው ሌላው ሎውረንስ ኤሴክስ ውስጥ የፐርሊ ደብር አስተዳዳሪ ነበር። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የንጉሡ ደጋፊ በመሆኑ በ1643 ከሹመቱ ተነሳ፤ ወረቀት ላይ የሰፈረው ክስ ግን መጠጥ ቤት ያዘወትራል የሚል ነው። የተዋረደው ቄስ ልጅ ጆን በ1657 አካባቢ ቨርጂኒያ ገብቶ ቀረ። የጆን የልጅ ልጅ ልጅ ደግሞ ፕሬዝዳንቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ነው።

5. አሁን ትርጉሙን ይፈልጉ

ካርታውና አሮጌው አጻጻፍ በእጅዎ ካሉ መዝገበ ቃላቱን ይክፈቱ። ኦክስፎርድ በ2016 ያሳተመው ባለአራት ቅጽ የብሪታንያና የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ከ45,000 በላይ ስሞችን ይዟል። በውድ ዋጋ አይግዙት፤ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ለአባሎቻቸው ይከፍቱታል።

ዛሬ ለጆሮ የሚቀርበውን ትርጉም አይቀበሉ። «ዋሽንግተን» ከማጠብ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሁዋሳ ወይም ዋሳ የሚባል የአንግሎሳክሰን ሰው ነበር፣ መንደሩም የእሱና የወገኖቹ ርስት ተባለ። በደቡብ በሰሴክስም ዋሽንግተን የምትባል መንደር አለች። ሁለት መንደር አንድ ስም ሲጋሩ የትኛው የእርስዎ እንደሆነ መዝገበ ቃላት አይነግርዎትም፤ ካርታውን ያስቀደምነው ለዚህ ነው።

«ካዋርድ» ፈሪ ይመስላል፤ የከብት እረኛ ነው። «ፋርመር» በመካከለኛው ዘመን ገበሬ ማለት አልነበረም፤ የተወሰነ ገንዘብ ለጌታ ከፍሎ ግብር የሚሰበስብ ሰው ነበር። የእግር ኳሰኛው ፖል ስኮልስ ስም ትምህርት ቤት አይደለም፤ ቫይኪንጎች ይዘውት የመጡት ጎጆ የሚል ቃል ነው፣ ስለዚህም የሚገኘው እነሱ በሰፈሩበት በሰሜን ነው። «ፓልመር» ደግሞ ኢየሩሳሌም ተሳልሞ ዘንባባ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው፤ ይህኛውን የእኛ አገር ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

«ሃምፕሻየር» የሚባሉት ቤተሰቦች ከደቡቡ ሃምፕሻየር ይልቅ በዮርክሻየር መብዛታቸው ግራ ያጋባል። አንዱ ማብራሪያ ከአገሩ የወጣ ሰው በአገሩ ስም ይጠራል የሚል ነው፤ «ጎጃሜ» የሚባለው ጎጃም ውስጥ አይደለምና። ግን ዮርክሻየር ውስጥ ሼፊልድ ዙሪያ ሃላምሻየር የሚባል አካባቢ አለ፤ እኔን የሚያሳምነኝ ስሙ ከዚያ ተጣሞ የወጣ ነው የሚለው ነው።

6. ከእንግሊዝ ውጭ ያለውን ስርጭት ለብቻው ይመልከቱ

ፎርቤርስ የመሳሰሉ ድረ ገጾች የአንድን ስም የዓለም ስርጭት በካርታ ያሳያሉ። ቁጥራቸው ግምት ስለሆነ ለአቅጣጫ ብቻ ይጠቀሙባቸው። ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው የሚያወጣው የስሞች ሰንጠረዥ የተሻለ ነው፤ በ2010 ስሚዝ የሚባሉት ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

በ2000 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን የሚባሉት 163,036 ሰዎች ነበሩ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ጆርጅ ዋሽንግተን የአብራኩ ልጅ አልነበረውም፤ በሞተበት በ1799 ግን በማውንት ቨርነን እርሻው ከ300 በላይ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ዛሬ ስሙን የያዙት ሁሉ የእነዚያ ዘሮች ናቸው ማለት አይቻልም። ነጻ የወጡ ብዙ ሰዎች ስማቸውን ራሳቸው መርጠዋል። በባርነት የተወለደው የጥቁሮች ትምህርት መሪ ቡከር ቲ ዋሽንግተን ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ሙሉ ስሙን ቢጠይቀው እዚያው «ዋሽንግተን» ብሎ መለሰ። በተቃራኒው ማልኮም ኤክስ «ሊትል» የሚለውን የባሪያ አሳዳሪ ስም ነው ብሎ ጣለው።

ስለዚህ ጥቁር አሜሪካዊ ወይም ጃማይካዊ ቤተሰብ ሲያጠኑ የእንግሊዙ ካርታ ስለ ስሙ እንጂ ስለ ደሙ አይነግርዎትም። የሚጀመረው ከ1870 የአሜሪካ ቆጠራ ነው፤ ነጻ የወጡት በስማቸው የተመዘገቡት ያኔ ነው። የ1850 እና የ1860 የባሪያ ዝርዝሮች ላይ የሚገኘው የባለቤቱ ስም ነው፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ተደርድሯል።

7. ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

«የቤተሰብዎ አርማ» እያሉ ሲኒና ፍሬም የሚሸጡ ሱቆች አሉ። በእንግሊዝ አርማ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ለልጆቹ ይወርዳል፤ ለስም አይሰጥም፣ የተሰጠውን የሚመዘግበውም ከ1484 ጀምሮ ያለ መሥሪያ ቤት ነው። የሰልግሬቭ ዋሽንግተኖች እውነተኛ አርማ ነበራቸው፤ ሦስት ቀይ ኮከብና ሁለት ቀይ መስመር። በቤታቸው በር ላይ ተቀርጿል፤ ከ1938 ጀምሮ የዲሲ ባንዲራ ነው።

የዲኤንኤ ምርመራ የሚያዋጣው ስሙ ብርቅ ሲሆን ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞሶም ከቤተሰብ ስም ጋር አብሮ ይጓዛልና። በ2000 በታተመ ጥናት ሳይክስ የሚባሉ ወንዶች ሲመረመሩ ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ክሮሞሶም ተገኘባቸው። ለስሚዝ ወይም ለዎከር ይህን አይጠብቁ።

መዝገቡ አልገፋ ካለዎት ከ1979 ጀምሮ ያለውን የአንድ ስም አጥኚዎች ማኅበር ይሞክሩ። አባላቱ እያንዳንዳቸው አንድ ስም ይዘው ዕድሜ ልካቸውን የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው፤ የእርስዎ ስም ተመዝግቦ እንደሆነ ድረ ገጻቸው ላይ ይታያል። ሲጽፉላቸው ያገኙትን የመጨረሻውን አሮጌ ሰው ስም፣ ደብሩንና ዓመቱን በመጀመሪያው መስመር ላይ ያድርጉ።