በዱለት፣ በጎመንና በቫይታሚን ክኒን ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቫይታሚን ሲባል ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን እጥረቱ እንጂ ብዛቱ አይደለም፤ በአገራችን ይበልጥ የሚያሳስበውም እጥረቱ ነው። ሆኖም አንዳንዶቹ ቫይታሚኖች መጠናቸው ሲያልፍ ወይም ከመድኃኒት ጋር ሲገናኙ ይጎዳሉ። እዚህ አዳማ በምግብ ቤቱም በመድኃኒት ቤቱም ደጋግሜ ከማያቸው ስህተቶች የሚከተሉትን አነሣለሁ።

ነፍሰ ጡርን «ደም ይሆንሻል» እያሉ ጉበት ማዘውተር

ምክሩ ከበጎ ልብ የመጣ ነው፤ ጉበት በብረት ማዕድን የበለጸገ መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ጉበት የእንስሳው የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው። በ100 ግራም የበግ ጉበት ውስጥ 7,000 ማይክሮግራም ገደማ ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚኑ ዓይነት ሲገኝ፣ ነፍሰ ጡር በቀን የሚያስፈልጋት 770 ማይክሮግራም ነው፤ ለአዋቂ ሰው የተቀመጠው የላይኛው ገደብም 3,000 ነው። ጨጓራው፣ ጉበቱና ቀይ ሥጋው ደቅቆ ተከትፎ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለብ ብሎ በቀረበ አንድ ሳህን ዱለት ውስጥ 50 ግራም ያህል ጉበት ካለ ገደቡ ታልፏል ማለት ነው። ሬቲኖል በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ትርፉ በሽንት አይወጣም፤ በሰውነት ይከማቻል፤ ሲበዛም፣ በተለይ የፅንሱ አካላት በሚቀረጹባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ የአፈጣጠር ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። አንድ ቀን ዱለት የቀመሰች እናት ልትሸበር አይገባም፤ የሚያሰጋው ማዘውተሩ ነው። ለደም ማነሱ በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል አለላት። (የጥሬ ዱለት ጣጣ ሌላ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።)

ካሮትንም እንደ ጉበት መፍራት

በካሮትና በዱባ ያለው ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነት ከእርሱ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው እንደ ፍላጎቱ ስለሆነ መመረዝ አያስከትልም። ካሮት የሚበዛለት ሕፃን መዳፉና የአፍንጫው ጫፍ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብለው የሚደነግጡ ወላጆች የዓይኑን ነጭ ክፍል ይመልከቱ፤ እርሱም ቢጫ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ክኒኑ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣው የፊንላንድ ጥናት በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱ አጫሾች በሳንባ ካንሰር የመያዛቸው መጠን ጨምሮ ተገኝቷል።

ዋርፋሪን እየወሰዱ በጾም ጎመን ማብዛት፣ በፍስክ ጨርሶ መተው

ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የታዘዘላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላቸው፣ ከሁሉ ይበልጥ ሊያስተውሉት የሚገባ ይህ ይመስለኛል። መድኃኒቱ የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ተግባር በመግታት ሲሆን የአበሻ ጎመን ደግሞ በዚሁ ቫይታሚን የተሞላ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ጎመን ከማዕድ ባልጠፋበት ቤት የመድኃኒቱ ኃይል ይዳከማል፤ ደም የመርጋት አደጋም ይመጣል። በጾሙ መካከል መጠኑ ከፍ ተደርጎለት የነበረ ሰው ደግሞ ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑን ትቶ ወደ ዶሮ ወጥና ክትፎ ሲዞር፣ ያው መጠን በዝቶበት ሊደማ ይችላል። «ጎመን ክልክል ነው» ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ የሚፈለገው ዓመቱን ሙሉ በተመጣጠነ ልክ መብላት፣ ጾም ሲገባና ሲፈታም ለሐኪሙ ነግሮ የደም መቅጠኑን ልክ ማስመርመር ነው። ታማሚው ስለ ጾሙ በራሱ ካላነሣ ሐኪሙም ላይጠይቀው ይችላል።

የዓሣ ጉበት ዘይትን ከዓሣ ዘይት አለመለየት

የመጀመሪያው ቫይታሚን ኤና ዲ አለው፤ ሁለተኛው በአብዛኛው የለውም። በየ6 ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ ለሚወስድ ልጅ ጉበት ዘይቱን በየቀኑ ከመደረብ በፊት ጤና ባለሙያ ይጠየቅ።

«ትርፉ በሽንት ይወጣል» ብሎ ቢ6ን ለወራት መዋጥ

ቢ6 በውኃ የሚሟሟ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከፍተኛ መጠኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የስሜት ነርቮችን ይጎዳል፤ ከምግብ ብቻ ግን እዚያ ደረጃ አይደረስም። ምልክቱ የእጅና የእግር መደንዘዝና መውረር ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ሰው ቢ6 ያለበትን ቢ ኮምፕሌክስ የሚገዛበት ምክንያት ራሱ ነው። እግሬን ወረረኝ ብሎ የጀመረ ሰው መውረሩ ሲብስበት መጠኑን ይጨምራል። ስለዚህ ክኒኑን ከጀመሩ በኋላ ስሜቱ ከባሰ፣ ሌላ ፓኮ ከመግዛት ይልቅ የያዙትን ይዞ ሐኪም ዘንድ መቅረብና በእያንዳንዱ ክኒን ስንት ሚሊግራም እንደተጻፈበት ማሳየት ይገባል።