ላይቭ ልንሰማ ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ከጅማ ለሚነሱ የሙዚቃ ወዳጆች

ቅዳሜ ማታ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥርና በፕሮጀክተር የኮንሰርት ቪዲዮ እናያለን። ብዙ ባንድ አይተናል። ዞረን ዞረን የምንመለሰው ግን አንዱ ጋ ነው። ዘ ኤክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ ባንድ ነው። ፓንክ በሚባለው ፈጣንና ጯሂ የሮክ ዓይነት ጀመሩ፤ ከዚያ እየሞከሩ፣ እየለወጡ፣ ለትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች እጅ ሳይሰጡ ዛሬ ድረስ አሉ። እኛን በተለየ የሚያስተሳስረን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከእኛው ሳክስፎን ተጫዋች ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ለዓመታት አብረው ተጫውተዋል።

የእንዲህ ዓይነት ባንድ ወዳጅ ቶሎ አይለቅም። በወጣትነቱ የሰማቸው ሰው ፀጉሩ ሸብቶም መድረኩ ሥር ቆሞ ታገኙታላችሁ። አልበማቸውን ስለሚወድ ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ ምን እንደሚፈጠር ስለማያውቅ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ተስፋ ቆርጠው የተመለሱ ሰዎችም አውቃለሁ። አብዛኞቹን ያስቀየማቸው ሙዚቃው ሳይሆን የሄዱበት መንገድ ይመስለኛል። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

1. አልበሙን ፍለጋ መሄድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ሰው በስልኩ መቶ ጊዜ የሰማውን ዘፈን በጆሮው ይዞ ይሄዳል። መድረክ ላይም ያንኑ ይጠብቃል። ባንዱ ግን መግቢያውን ሦስት እጥፍ ያስረዝመዋል፣ ዜማውን መሀል ላይ ይበትነዋል፣ ወይም ጭራሽ ያን ዘፈን አይነካውም። ዘ ኤክሶች በዚህ ይታወቃሉ። በድሮ ዘፈን ከመኖር አዲሱን ሥራ ሰው ፊት ማብሰል ይመርጣሉ። ብዙ ዘፈናቸው አልበም የሚሆነው በመድረክ ላይ ከተፈተነ በኋላ ነው። ከታች ሆናችሁ «የድሮውን!» ብትሉ ያላችሁትን አታገኙም፤ እየተሠራ ያለውን ግን ታጣላችሁ።

ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አዝማሪው ትናንት ለሌላ ሰው ያወረደውን ግጥም ዛሬ ለእናንተ አያወርድም። አለባበሳችሁን ያያል፣ አጠገባችሁ ማን እንደተቀመጠ ያያል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ፈንድቃ የሚባለው የአዲስ አበባ አዝማሪ ቤት ካዛንችስ በነበረበት ጊዜ ከጅማ እየሄድኩ ስሰማ የሚስበኝ ይሄው ነበር። ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። ማሲንቆው ከተመልካቹ እስክስታ እየተቀበለ ነው የሚሄደው።

ጌታቸው መኩሪያንም አስቡ። ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። ፎካሪ ቃል በቃል አይደግምም። ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው አይቶ ይነሳል፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ቆም ይላል፣ «በለው!» ሲሉት እንደገና ይገነፍላል። የጌታቸውም አነፋፍ እንደዚያ ነበር። ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አምስተርዳም ጋበዙት። እነሱን ካየ በኋላ አብረን እንሥራ ያለው እሱ ራሱ ነው። «ሞአ አንበሳ» የሚለው አልበማቸው በ2006 ወጣ። አልበሙን ስሙት፣ ከዚያ የተለያዩ ምሽቶች ቪዲዮ እያነጻጸራችሁ እዩ። ዜማው ያው ነው። አንድ ቀን ሳክስፎኑ ይቆጣል፣ ሌላ ቀን ያንጎራጉራል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ላይቭ ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ የባንዱን ዘፈን መስማት አቆማለሁ። ጆሮዬ ትንሽ ይራብ ብዬ ነው።

2. «ጫጫታ ነው» ብሎ በአሥር ደቂቃ መውጣት

መጀመሪያ ሲሰሙት ጫጫታ ይመስላል፤ እውነት ነው። ምክንያት አለው። በአሁኑ አሰላለፋቸው ሦስት ጊታርና አንድ ድራም ናቸው። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ቤዝ ጊታር የለም። የለመድነው ሙዚቃ ላይ ቤዙ ወለል ነው፤ ጆሯችን ሳናውቀው እሱ ላይ ቆሞ ነው ዜማውን የሚሰማው። ወለሉ ሲጠፋ ጆሮ መቆሚያ ያጣል፣ ከዚያ «ጫጫታ» ይለዋል።

መፍትሔው ድራሟን መያዝ ነው። ካትሪና ቦርንፌልድ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የባንዱ ድራመር ናት። ለአምስት ደቂቃ ያህል እሷን ብቻ ስሙ። ጊታሮቹን እርሷቸው፤ ራሳቸው ይመጣሉ።

ይሄ የገባኝ እዚሁ ነው። ልጅ ሆኜ ከከተማ ወጣ ብሎ ዘመዶቻችን ጋ ስንሄድ ጀንፈል ቡና በሙቀጫ ይወቀጥ ነበር። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ዘነዘና፣ አንድ ሙቀጫ። አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ታወርዳለች። ዘነዘናዎቹ አይጋጩም። ከሩቅ ለሚሰማው ዱብ ዱብ ዱብ የሚል አንድ ድምፅ ነው። ቀረብ ብሎ ለሚሰማው ግን የአንዷ ምት ከበድ ይላል፣ የሌላዋ ቀለል። መሀል ላይ ቅርፊቱ ሲሰበር ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ድምፅ ይወጣል። የዘ ኤክስ ጊታሮችም እንደዚያ ናቸው። አንዱ የተወውን ክፍተት ሌላው ይገባበታል። ይሄን አንዴ ከሰማችሁ በኋላ ጫጫታ ማለት ያስቸግራችኋል።

3. «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ማለት

ጅማ ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም ይከነክነኛል። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1943። እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ፣ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አጋብቶ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። ይሄ ሙከራ ካልሆነ ሙከራ ምንድን ነው? ጌታቸውም ቢሆን ሽለላን በሳክስፎን ይነፋ የነበረው ዘ ኤክስ ከመመሥረቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ሆላንዶቹ ሊያስተምሩት አይደለም የመጡት፤ የእሱ ሙዚቃ ማርኳቸው ነው።

አንድ ቅዳሜ የጎረቤት አባት ቡና ሊጠጡ ገቡ። በርጩማ አቅርበንላቸው ተቀመጡ። አንሶላው ላይ ጌታቸው ነጭ ለብሶ ይነፋል፣ ከኋላው ጊታሮቹ ይጮሃሉ። ድምፁን ልንቀንስላቸው ስንል በእጃቸው ከለከሉን። ሲኒያቸውን እንደያዙ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «ልጆች፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ጌራርሳ እያለ ነው» አሉን። በኦሮሞ ባህል ጀግና ገድሉን የሚናገርበት ዜማ ነው ጌራርሳ። እኛ ፉከራ ነው የምንለው። ስለ ፓንክም ስለ ጃዝም የነገራቸው ሰው አልነበረም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዋናውን ነገር ያዙት።

4. ቪዲዮውን ስም አልባ አድርጎ መጫን

ሌላ ሰው «ስልካችሁን ኪስ ክተቱ» ይላችኋል። እኔ እንደዚያ አልልም። ጅማ ያለን ሰዎች ይሄን ባንድ ያወቅነው ሌላ ሀገር ያለ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ስለቀረጸልን ነው። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ካረፈ በኋላ ደግሞ እነዚያ ቀረጻዎች ዋጋቸው ጨምሯል። እንዴት ይነፋ እንደነበር ከአልበም በላይ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ስህተቱ ሌላ ነው። ቀንና ቦታ አይጻፍም። የቱ ከተማ፣ የትኛው ዓመት፣ እነማን አብረው ተጫወቱ? አንድ መስመር ብትጽፉ ከ20 ዓመት በኋላ ለሚሰማው ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። ደግሞ አንድ ዘፈን ቅረጹና ይብቃችሁ። ያንን አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ።

5. ሰዓቱንና መንገዱን መናቅ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። በኮንሰርቱ ዕለት ጠዋት ከመነኸሪያ ተነስቶ ማታ መድረክ ሥር መቆም ይቻላል፣ ግን ተዳክማችሁ ነው የምትደርሱት። የደከመ ጆሮ ለእንዲህ ያለ ሙዚቃ አይሆንም። ከቻላችሁ በዋዜማው ግቡ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ሰዓት በፈረንጅ ይሁን በእኛ አቆጣጠር ደውላችሁ አጣሩ። «8 ሰዓት» የሚለውን አይቶ ከቀኑ 8 ሰዓት በር ላይ የቆመ ጓደኛ አለኝ። ዝግጅቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር።

6. ስፒከር ሥር መቆም

ድምፅ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሲደርስ ጆሮ ያለ መከላከያ የሚችለው 15 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ጥጥ ብዙም አያድንም። ለስላሳ የጆሮ መክደኛ ገዝታችሁ ኪሳችሁ ያዙ። ሙዚቃውን የምትወዱት ከሆነ ገና 30 ዓመት ልትሰሙት ነው።

7. አባል ሲቀየር «አበቃለት» ማለት

የዘ ኤክስ ድምፃዊ 30 ዓመት ዘፍኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ሌላ ባንድ ቢሆን እዚያ ጋ ይፈርስ ነበር። እነሱ አርኖልድ ደ ቡርን አስገቡ፤ የሚዘፍንም ጊታር የሚጫወትም ሰው ነው። የድሮውን ድምፃዊ እንዲመስል አላስገደዱትም፣ ባንዱ ራሱ ተለወጠ። እኛም ቤት «እንደ ድሮው አይደለም» የሚል አልጠፋም። እንደ ድሮው እንዳልሆነ ልክ ነው። እነሱ ግን ከመጀመሪያውም እንደ ድሮው ለመሆን ቃል አልገቡም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የቆየ አድናቂ አዲስ የመጣውን «አንተ ምኑን ሰማኸው» እያለ ሲያሸማቅቅ ነው። ያ ልጅ እኮ ነገ አንሶላውን የሚወጥረው ነው። ወንበር ስጡት፣ ቡና ቅዱለት።

8. ጅማ ላይ ላይቭ ሲዘጋጅ እንደ ስብሰባ ማድረግ

ይሄ ለአዘጋጆች ነው። እዚህም ጊታርና ክራር ይዘው የራሳቸውን መንገድ የሚሞክሩ ልጆች አሉ። መድረክ ሲያገኙ ግን ብዙ ጊዜ አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። ፊት ለፊት የክብር እንግዳ ሶፋ አለ። አስተዋዋቂ በየዘፈኑ መሀል ማይኩን ይቀበላል። ሙዚቃው ገና ሊሞቅ ሲል «አሁን ደግሞ ቀጣዩን…» ይባላል። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ከአንዱ ዘፈን ወደሌላው ሳይቋረጥ መሄድ አለበት፤ ካልሆነ በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል። ሳውንድ ሲስተሙም ለሠርግ የተስተካከለ ነው፣ ቤዙ ሁሉን ይውጣል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ድምፅ የሚፈተሽበት ጊዜ ይመደብ።

ሐምሌ ላይ አንድ ምሽት ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ አራት ልጆች ይጫወቱ ነበር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ወረደ። ጣሪያው ተናወጠ፣ የድምፃዊው ድምፅ ጠፋ፣ አስተዋዋቂው ሊያቋርጣቸው ተነሳ። ከበሮ የሚመታው ልጅ ግን ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ዱላዎቹን አስቀመጠና በመዳፉ ቀስ እያለ ዝናቡን ተከተለው። ዝናቡ ሲበረታ ይበረታል፣ ሲሳሳ ይሳሳል። ክራሩ በአንድ ክር ብቻ ገባ። ጊታሩ ቆይቶ መጣ። ከኋላ የነበሩ ልጆች ማንም ሳያዛቸው ወንበሮቻቸውን ወደ ግድግዳው ገፍተው ወደ መድረኩ ተጠጉ፣ እኛም ተከተልናቸው። አስተዋዋቂው ማይኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ምሽት አራት ደቂቃ ቀርጫለሁ። ዝናቡ ከጊታሩ በላይ ይሰማል። ቀኑንና ቦታውን ጽፌበታለሁ።